የእትዬ ሙሀባ ባለአንበሳ

ፍቅሩ በያጅ ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ በሩ የወለቀበት፣ ጋሪው የተሰበረበት ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል። ሙቀቱ አናት በሚበሳበት ቀትር እንኳ ከሥራው አይነሳም፤ ብርቱ ነው ይሉታል፣ እውነታቸውን ነው። አመሉን ግን የሚያውቁለት ጥቂቶች ናቸው። ፍቅሩ የድሮ ሳንቲም ይሰበስባል፤ ያውም የማያውቃትን የአንዲት ደሴት ሳንቲም።

ነገሩ የጀመረው ቆራሌው ካመጣለት ቁርጥራጭ ብረት መሀል አንድ የነሐስ ሳንቲም ያገኘ ጊዜ ነው። ሳንቲሙ ላይ ሦስት አንበሶች አሉ። ስልኩ ላይ ቢያፈላልግ፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባሕር ላይ የተቀመጠች ገርንዚ የምትባል ደሴት ገንዘብ ሆኖ ተገኘ። ከአንድ ቀበሌ ብዙም የማትበልጥ አገር የራሷን ሳንቲም ማስቀረጿ ገረመው፤ ከዚያ ወዲያማ ማን ይመልሰው። መርካቶ ያሉ ነጋዴዎችን እየለመነ የየዓመቱን ሰብስቦ በብስኩት ቆርቆሮ አኖረ። የመጀመሪያው የነሐስ፣ በፈረንጅ የ1864ቱ ብቻ ቀረው።

እሱንም ጀውሃ ገበያ ላይ አየው፤ በእትዬ ሙሀባ ሚዛን ላይ ተቀምጦ።

እትዬ ሙሀባ ቅርንፉድና ሄል የሚሸጡ አሮጊት ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ዕቃቸውን የሚለዩት በጣታቸው ነው። ሳንቲሙን ለአባታቸው የሰጣቸው መንገድ ሊሠራ የመጣ ፈረንጅ ነበር፤ አባትየው መመዘኛ አደረጉት፣ እሳቸውም ወረሱት። በመታሸት ብዛት አንበሶቹ ለዓይን እንጂ ለጣት አይሰሙም። ገበያተኛው ግን «በአንበሳው መዝኑልኝ» ይላል እንጂ ሌላ መመዘኛ አይጠይቅም።

ፍቅሩ ሽጡልኝ ብሎ ለመናቸው። «እሱን ሸጬ የሰውን ሐቅ በምን ልለይ?» ብለው ሳቁበት። ሰውየው እንቅልፍ አጣ። ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል፤ ቤቱ ገብቶ ከላሜራ አንድ ክብ ቆረጠ፣ ጠርዙን ሞረደ፣ በተቃጠለ ዘይት አጠቆረው። በሚቀጥለው ገበያ፣ እትዬ ሙሀባ ቅርንፉድ ሲጠቀልሉለት፣ ሳንቲሙን አንስቶ ላሜራውን አስቀመጠ። ስፋቱን ልክ አድርጎታል። ክብደቱ ትዝም አላለው። እሱ ያየው አንበሳና ዓመተ ምሕረት ነበር።

ሂዳያ የምትባል ሴት ለልጇ ሠርግ የገዛችውን ቅርንፉድ እህል ቤት ወስዳ ብታስመዝነው ጎደለ። ሌላዋም አስመዘነች፤ ጎደለ። ወሬው ገበያውን አዳረሰ። ትናንት እትዬ ሲሏቸው የነበሩት ሁሉ «ዕድሜ ልኳን ስትሰርቀን ኖራለች» ማለት ጀመሩ። ሰው ለመርገም እንዴት ይፈጥናል።

ፍቅሩ ይህን ሲሰማ ያን ያህል የተመኘውን ሳንቲም ማየት አስጠላው። ሊመልሰው ኪሱ ከትቶ ጀውሃ ወረደ፤ መደባቸው ባዶ ነበር። ቤታቸውን ጠይቆ መሄድ ይችል ነበር፣ ግን ፈራና ተመለሰ። ነገ እሄዳለሁ ይላል፤ ነገም ነገ እሄዳለሁ ይላል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እሳቸው ራሳቸው ምርኩዛቸውን ይዘው ሸዋ ሮቢት ድረስ መጡ። ሥራ የሚያሠሩ ሰዎች በሩ ላይ ቆመዋል። ፍቅሩ ሲያያቸው ታወቀብኝ ብሎ ደረቀ።

«ፍቅሩ፣ አለህ?» አሉ። «መመዘኛዬ በመታሸት ብዛት አልቆ ኖሯል፤ ዓይን የለኝ፣ አላየሁት። ወርቅ ቤት ወስጄ አስመዝኜ ነው ያወቅሁት። ከስንት ዘመን ጀምሮ የሰው ሐቅ ስበላ እንደኖርኩ አላህ ይወቀው። እሱንም ሮቢ ወንዝ ጣልኩት። አሁን ደንበኞቼን ቤት ለቤት እየዞርኩ ነው። አንተም የጎደለብህ ይኸው፤ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ልጄ፣ ቂያማ ላይ እንዳትይዘኝ።»

የተጠቀለለ ቅርንፉድ ዘረጉለት። ሳንቲሙ ኪሱ ውስጥ ነው፤ በጣቶቹ ይዞታል። እኔ ነኝ የሚል አንድ ቃል ይበቃ ነበር። በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች አፉን እያዩ ይጠብቃሉ።

«አውፍ ብያለሁ፣ እትዬ» አለ።

«አላህ ይውደድህ» አሉት፤ ፊታቸው ፈካ። ከዚያ ማዶ ያለችውን የሜሮንን ሻይ ቤት እንዲያሳያቸው ለመኑት፤ እሷም ሄል ትገዛቸው ነበርና። ፍቅሩ ቅርንፉዱን ተቀበለ፤ ሳንቲሙ ባለበት ኪስ ከተተውና እጃቸውን ይዞ አስፋልቱን አሻገራቸው።