በቃሬዛ ሰቆጣ የገባው ሞኒተር

«እህቴ፣ ቀጭኑን ውሰጂ። ወፍራሙን አሁን ማንም አይገዛውም» አለኝ መቀሌ ያለው ባለሱቅ።

እኔ ግን ዓይኔን ጀርባው ካበጠው ከወፍራሙ ሞኒተር መንቀል አልቻልኩም...

ሚሌኒየሙን ልንቀበል ሽር ጉድ በሚባልበት ሰሞን ነው። ሰቆጣ ላይ ጌም ቤት ነበረኝ። አዎ፣ ሴት ሆኜ ጌም ቤት! ያኔም ብዙ ተብያለሁ፣ አሁንም የፈለጋችሁትን በሉ። ያለችኝ አንዲት አሮጌ ሞኒተር ግን ጉድ ሠራችኝ። ስክሪኗ በሰከንድ የሚታደሰው ስልሳ ጊዜ ብቻ ነው፣ ከዚያ በላይ አትችልም። ስለዚህ ስትርገበገብ ትውላለች። ትንሽ የተጫወተ ሁሉ ዓይኑን እያሸ፣ ራሴን አመመኝ እያለ ይወጣል። በመጨረሻ የሰፈሩ እናቶች ተሰብስበው መጡብኝ።

«የልጆቻችንን ዓይን ሳታጠፊ ወይ ቀይሪው፣ ወይ ዝጊው!»

ብዘጋ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም። ያለችኝን ቋጥሬ፣ ታናሽ ወንድሜን ሞላን አስከትዬ መቀሌ ገባሁ።

ባለሱቁን ሁለቱንም ጎን ለጎን አብራልኝ አልኩት። አንድ ዓይነት የኳስ ጌም ከፈትኩባቸው። አቅሜ የሚደርስበት ቀጭን ላይ ኳሷ ስትመታ ጭራ አብቅላ ነው የምትሄደው። ወፍራሙ ያገለገለ ነው፣ ግን ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ ሰማንያ አምስት ሄርዝ ላይ፣ ማለት በሰከንድ ሰማንያ አምስት ጊዜ እንዲታደስ ሳደርገው መርገብገብ የሚባል ነገር ጠፋ። ኳሷም ኳስ ሆነች።

«ቀጭኑን ብትገዢ በብብቴ ይዤው እገባ ነበር። ይሄን ይዘን ስንገባ ሰው ይስቅብናል» አለኝ ሞላ።

«ይሳቅ! ሲስቅ ይዋል!»

ወፍራሙን ገዛሁ።

ከኮረም ወዲህ ደህና መጣን። ሰቆጣ ለመግባት ትንሽ ሲቀረን የመኪናው ሞተር ቀጥ አለ። ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ መንገድ ጀመረ። ሾፌሩ «ዕቃሽን ተይው፣ ነገ አመጣልሻለሁ» ይለኛል።

«መኪናህንስ ማን ያመጣልሃል?» አልኩት። ንድድ ብሎኛል።

አህያ ላይ እንዳልጭነው መንገጫገጩ ይሰብረዋል። ተሸክመን እንዳንሄድ ድንጋይ ነው የሚከብደው። ሞላ እያጉረመረመ ከመንገድ ዳር ቤት ሁለት አጠናና ገመድ ለምኖ መጣና ቃሬዛ ሠራ። ካፊያ ስለጀመረ በጋቢዬ ጠቀለልኩት። አንድ ተሳፋሪ ጎረምሳ ከፊት፣ ሞላ ከኋላ ሆነው አነሱት። እኔ ጥላ ዘርግቼለት ከጎን ከጎን እሄዳለሁ።

እስቲ ከሩቅ ሆናችሁ እዩን... ቃሬዛ፣ በጋቢ የተሸፈነ ነገር፣ ፊቷ የጠቆረ ሴት!

እኛ ጋ ደግሞ ቃሬዛ ያየ ሰው ምንድነው ብሎ አይጠይቅም። መጀመሪያ ትከሻውን ይሰጣል፣ ጥያቄው ከዚያ በኋላ ነው። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ገና ሲያዩን ሸክማቸውን ለሚስቶቻቸው ትተው መጡ። አጠናውን ከነሞላ ተቀብለው ወደ ሰቆጣ እብስ!

«ቆዩ! ኧረ በእግዜር፣ ቀስ በሉ!» እላለሁ ከኋላ እየሮጥኩ። እነሱ በአገውኛ ይነጋገራሉ፣ እኔ በጮህኩ ቁጥር ይብስ ይፈጥናሉ። ለካ እናት ልጇ ሊሞትባት ነው የምትጮኸው ብለዋል።

አንድ ሽማግሌ፣ አያ ፈንታው የሚሏቸው፣ ከጎኔ ደረሱ።

«አይዞሽ ልጄ፣ እናደርሰዋለን። ምን ያዘው?»

ሞላ በክርኑ ጎሰም አደረገኝና «ዝም በይ፣ ይሸከሙልን!» አለ በሹክሹክታ። ምን ላድርግ? የሰው ትከሻ በውሸት መብላት አልሆነልኝም።

«አባቴ፣ ሰው አይደለም። ልጆች የሚጫወቱበት... ቴሌቪዥን ነገር ነው።»

አያ ፈንታው ቀጥ አሉ። ቃሬዛው ጭቃ ላይ ተቀመጠ። ጋቢው ሲገለጥ ያ ሁሉ ሰው መስታወቱ ላይ የራሱን ፊት አየ።

«ለመጫወቻ ነው ያስሮጥሽን?» ጮኸ አንዱ። «ቃሬዛ የሰው ነው! አታፍሪም?»

ደሜ ፈላ።

«አላፍርም! ለመንኳችሁ? ቆዩ ብዬ ስጮህ ማን ሰማኝ? ይሄ ዕቃ ቢሰበር ነገ የምበላው የለኝም። ሂዱ፣ እኔው እሸከመዋለሁ!»

ሴት ቃሬዛ ስትሸከም እኛ ጋ አይታይም። ጎንበስ ብዬ ትከሻዬን ከአጠናው ስር ከተትኩ። ሞላ በሌላው ጫፍ ሮጦ ገባ። ብድግ ስል ቃሬዛው በኔ በኩል ዘመመ፣ ሞኒተሩ መንሸራተት ጀመረ... አለቀልኝ አልኩ!

አልወደቀም። ያ ሲጮህብኝ የነበረው ሰውዬ ነው ዘሎ በደረቱ የደገፈው።

«አንሱ» አሉ አያ ፈንታው።

«ለቴሌቪዥን?»

«ለሷ ነው እንጂ። የተቸገረች ሴት መንገድ ላይ ጥለን ገባን ልንል ነው?»

ሰቆጣ ስንገባ ሰፈሩ ነጠላውን እያደገደገ ወጣ። እነዚያ እናቶች «ማን ነው? ማን ታመመ?» እያሉ ከተል ከተል። አያ ፈንታው ደግሞ ሳላይ አልሄድም ብለው ቁጭ አሉ። ሰካሁት... በራ! ሰማንያ አምስት ላይ አደረግኩት። ዝጊ ስትለኝ ከሁሉም የከፋችው እናት ቀርባ አፍጥጣ አየችና «ይሄስ አይርገበገብም» አለች። መስማት የፈለግኩት እሷን ቃል ነበር።

አያ ፈንታውማ ከጨዋታው መሃል ገብተዋል፣ «ይሄ ባለቀዩ ምነው አያቀብልም?» እያሉ ይቆጣሉ።

እስከ ዛሬ «ያን ቀን በቃሬዛ ያስገባሽው በሽተኛ ማን ነበር?» ብሎ የሚያሾፍብኝ አይጠፋም። ኑሮዬ ነበር እለዋለሁ... ድኗል!