ኦርኪዷን ብርድ እንዳይመታት

ሰው ስደቱን ሲያወራ ከሌሊት ይጀምራል። እኔ ግን ከመርካቶ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ሰባተኛ መንገዱ ተዘጋግቶ፣ ታክሲያችን ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ቆሞ፣ ውስጡ እንደ ዳቦ ቤት ግሏል። አንዱ መስኮት ቢከፍት፣ ከኋላ የተቀመጡ እናት «ልጄ ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል!» አሉ። ተዘጋ። እኔም በልቤ «ልክ ናቸው» አልኩ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት።

የአምስት ዓመቷን ልጄን ምሕረትን ጭድ ተራ ከምትኖረው እናቴ ጋር ትቻት ነው የሄድኩት። ፕላስቲክ ዕቃ በሚሸጡት ጎረቤታችን በጋሼ ሙዘይን ሱቅ ደጃፍ፣ የተገለበጠ ሳፋ ላይ ቁጭ ብላ ብስኩት ትበላ ነበር።

«መቼ ነው የምትመጪው?» አለችኝ።

«እኔ አልመጣም፤ አንቺን ነው የማስመጣሽ።»

«እሺ» ብላ ብስኩቷን ቀጠለች።

ሆላንድ ያደረሱኝ ልጅ እንድጠብቅላቸው የወሰዱኝ ቤተሰቦች ናቸው። በዓመቱ እነሱ ወደ ሌላ አገር ሲዛወሩ እኔ ቀረሁ። አገሩ ከላይም ከታችም ውሃ ነው። የኛ ዝናብ ይቆጣል፣ ያጓራል፣ ይወጣለትና ያባራል፤ የነሱ ግን ቀኑን ሙሉ እንደሚነጫነጭ ሕፃን ነው። እንግዳ ሆናችሁ ብትሄዱ ከሻዩ ጋር አንድ ብስኩት ይሰጧችሁና የብስኩቱን ቆርቆሮ ይከድኑታል። «በሞቴ!» የለ፣ «ኧረ ብይ እንጂ!» የለ። አንዷን ብስኩት ይዤ ስንት ጊዜ ተቀምጫለሁ፣ ሁለተኛዋ ትመጣለች ብዬ።

ምሕረትን ለማስመጣት ወደ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ከመስታወቱ ኋላ ያለው ሰውዬ «ለሦስት ዓመት ቤቱን እንደማታስለቅቅሽ አከራይሽ የፈረመችበት ወረቀት አምጪ» አለኝ።

«ሦስት ዓመት በዛ። አንድ ይሁንልኝ።»

«ሦስት ነው።»

«እሺ፣ ያንተም ይቅር የኔም ይቅር፤ ሁለት።»

«ሜፍራው፣» አለኝ፤ ወይዘሮ ማለቱ ነው፤ «ይሄ ዋጋ አይደለም፣ ሕግ ነው።»

መርካቶ ያደገ ሰው እዚህ ላይ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። «እንግዲያው ላስብበት» ብዬ ፊቴን አዞርኩና ቀስ እያልኩ ሄድኩ፤ «ነይ፣ ነይ ተመለሺ!» እስኪለኝ ድረስ። በሩ ጋ ደረስኩ። ጊዜ ልስጠው ብዬ ጎንበስ አልኩና ያልተፈታ ጫማዬን ፈትቼ አሰርኩ። ቀና ስል ሰውዬው ሌላ ተራ ጠርቷል። ለሚቀጥለው ቀጠሮ አራት ወር ጠበቅኩ።

አከራዬ ሜፍራው ቲነከ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። «ዝም ብለሽ ቲነከ በይኝ» ይሉኛል። እናቴ ብትሰማ በስልኩ ሽቦ መጥታ በጥፊ ትለኝ ነበር። ወረቀቱን ስለምናቸው መስኮቱ ላይ ያለ ተክል አሳዩኝ። ኦርኪድ ይባላል፤ የሟች ባላቸው ነበር፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ እየሞተ ነው። ግን ድሮ አበባ ተሸክሞ በነበረው ዘንግ ላይ፣ አየር ላይ ተንጠልጥላ፣ ባለ ሁለት ቅጠል ትንሽ ልጅ አውጥቷል።

«ተከራይ ሁሉ እቆያለሁ ብሎ ይሄዳል» አሉኝ። «ይህቺን አሳድጊልኝ። ስታብብ እፈርማለሁ።»

«መቼ ታብባለች?»

«ከተጠነቀቅሽ፣ በሦስት ዓመት።»

«ሳይፈርሙልኝ ሦስት ዓመት እንዴት እቆያለሁ?»

«ሳትቆዪ እንዴት እፈርማለሁ?»

ሻይ ቀዱልኝ። አንድ ብስኩት። ቆርቆሮው ተከደነ።

በየስድስት ወሩ በሚታደስ የመኖሪያ ፈቃድ እየተንጠለጠልኩ ቆየሁ። እናቴ ቤት ስልክ ስላልነበረ ቅዳሜ ቅዳሜ የምደውለው ጋሼ ሙዘይን ሱቅ ነው። የኦርኪዷን ነገር ስነግራቸው፣

«ትበላለች?» አሉኝ።

«አትበላም ጋሼ።»

«ለመድኃኒት ትሆናለች?»

«አትሆንም።»

«ታዲያ ምን ትደረጋለች?»

«ትታያለች።»

ወደ ሱቁ ዞረው «ትታያለች ነው የምትለው!» ሲሉ የሱቁ ሰው ሁሉ ሲስቅ ሰማሁ። ይሳቁ እንጂ ከዚያች ቀን ጀምሮ ተራው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለሷ ሆነ።

ሥሯ የጣት ያህል ሳይረዝም ከእናቷ እንዳላለያያት ሜፍራው አስጠንቅቀውኝ ነበርና ወራት ጠበቅኩ። ከዚያ ቆርጬ፣ እንደ አገሬ የቲማቲም ጣሳ አፈር ልሞላላት ስል ጮኹብኝ። ለካ አፈር ይገድላታል! የምትቀመጠው የዛፍ ቅርፊት ስብርባሪ ላይ ነው። በአገሯም መሬት የላትም፤ በሰው ዛፍ ላይ ተለጥፋ ነው የምትኖረው።

«አፈር የሌላት፣ በሰው ዛፍ ላይ ተለጥፋ የምትኖር?» አሉ ጋሼ ሙዘይን። «ይቺማ ስደተኛ ናት!»

ውሃ በሳምንት አንዴ እየሰጠሁ አሳደግኳት። ቅጠሏ አራት ሆነ፣ ስድስት ሆነ፣ እንደ ምላስ ወፈረ። አበባ ግን ወፍ የለም። ሦስት ዓመት አለፈ። ምሕረት መጀመሪያ ላይ «መቼ ነው የምመጣው?» ነበር የምትለኝ፤ ቀጥላ «አበበች?» ማለት ጀመረች፤ በኋላ «ደህና ነሽ?» ብቻ ብላ ስልኩን ለአያቷ ትሰጣለች።

ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ አንድ ጠዋት ሜፍራው ሳያንኳኩ ገቡ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጋቢ።»

«ተክሉ ላይ?»

«ማታ ማታ ነው የማለብሳት። መስኮቱንም እዘጋለሁ። ብርድ እንዳይመታት።»

አልጋዬ ላይ ቁጭ አሉ። «ወለላ፣ ይቺ ተክል ሌሊቱ ካልበረዳት አታብብም። ሦስት ዓመት ሙሉ አበባዋን የከለከልሻት አንቺ ነሽ።»

ቅዳሜ ስደውል ጋሼ ሙዘይን «መስኮት ከፍተሽ ልታሳድሪያት? ምን በደለችሽ?» ብለው ተቆጡ። እናቴ ከኋላ «እግዚኦ!» አለች። ከፈትኩት። ጋቢውን እኔው ለብሼ አብሬያት ተንቀጠቀጥኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ከቅጠሎቿ ሥር አረንጓዴ ጣት የመሰለች ዘንግ ብቅ አለች። ክረምታቸው ሊወጣ ሲል፣ ነጭ ሆና ልቧ ሐምራዊ የሆነ አበባ ፈነዳች። ሜፍራው ጎንበስ ብለው አበባዋን በጣታቸው ነካ አደረጓት። «የባሌ ናት» አሉና ፈረሙ። ብስኩቱንም ከነቆርቆሮው አስቀመጡልኝ።

«አበበች!» ብዬ ደወልኩ። ሱቁ በእልልታ ቀለጠ። ከዚያ አሥር ዓመት የሞላትን ልጄን ሰጡኝ።

«ወረቀቱ ተፈረመ፤ ልትመጪ ነው» አልኳት።

«እዚያ መስኮት ከፍታችሁ ነው አሉ የምትተኙት?»

«ለአበባዋ ብዬ ነው።»

«እኔ ብርድ ይመታኛል። እዚህ አያቴ ትዘጋልኛለች።»

«እኔም እዘጋልሻለሁ። ዳግመኛ ባታብብም ትቅር።»

«አያቴስ ትመጣለች?»

ማመልከቻዬ ላይ ያለው የአንድ ልጅ ስም ብቻ ነው።

«እንግዲያው ላስብበት» አለችኝ፣ እንደ ትልቅ ሰው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ሰማሁ። ኮቴዋ ወደ ደጅ ሲሄድ ሰማሁ፤ ቀስ እያለ። ይህን አካሄድ አውቀዋለሁ።

«ነይ!» ብዬ ጮህኩ። «ነይ ተመለሺ፣ ምሕረት! ነይ እንነጋገር!»

የምደውልበት ካርድ ላይ የተቀዳችው ሴትዮ በሆላንድኛ አንድ ደቂቃ እንደቀረኝ ነገረችኝ። ኮቴው ደጃፉ ላይ ቆመ። ጫማዋን እያሰረች ይሆናል።