ኬላ ላይ «አቤት» ያሉኝ እናት

ባለፈው ማክሰኞ ከአዳማ ወደ ሞጆ በሚኒባስ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ሳታስፈቅደኝ አንድ ፌስታል ሽንኩርት ጭኔ ላይ አኖረች። «አባባ፣ እስክስተካከል ይያዙልኝ» አለች። ተስተካከለች፤ ስልኳን አውጥታ ወሬዋን ቀጠለች፤ ሽንኩርቱ ግን እኔው ጋ ቀረ። ተነጫነጭኩ። መነጫነጭ ድሮም አመሌ ነው፤ በደርግ ጊዜማ ሊያስበላኝ ነበር።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። አዲስ መምህር ሆኜ ቡልቡላ ተመድቤ ከናዝሬት ተነሳሁ። ወረቀት ያልያዘ ጎረምሳ ኬላ ላይ ከተገኘ ለውትድርና የሚታፈስበት ጊዜ ነው። የምደባ ደብዳቤዬንና መታወቂያዬን ከያዝኩ የሚነካኝ አልነበረም። ብልጡ እኔ ግን ደብዳቤው እንዳይጨማደድ ብዬ ሁለቱንም መጽሐፍ መሃል ከትቼ ሻንጣዬ ውስጥ ቆለፍኳቸው። ሻንጣው ደግሞ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ፣ ከከሰል ጆንያ ሥር ተጠፍሯል።

ከጎኔ አንዲት የአርሲ እናት ተቀመጡ። ልጃቸው አዳሚ ቱሉ ወልዳ፣ ለአራሷ ጤፍና የገብስ ዱቄት ይዘዋል። ከተወሰነ ኪሎ በላይ እህል ማሳለፍ ክልክል ስለነበር ተሳፋሪው የራሱ መላ ነበረው። ባለእህሉ ጆንያውን በትንንሽ ቋጠሮ ከፋፍሎ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ያድላል፤ ኬላ ላይ ሁሉም «የኔ ነው» ይላል፤ ኬላው ሲታለፍ ለባለቤቱ ይመልሳል። ለእኔም አንድ ቋጠሮ ዘረጉልኝ።

«ያንተ ነው በል፣ ልጄ።»

«መምህር ነኝ እማማ፤ አልዋሽም» አልኩ።

አውቶቡሱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። እሳቸው ግን ቅያሜ አያውቁም። ቋጠሮውን ከኋላችን ላለው ሰውዬ አቀበሉና በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ ቆርሰው አፌ ላይ ደገኑ። አልራበኝም ብል ማን ሰምቶኝ! «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ አከሉልኝ። ቅቤው ለሥራ መግቢያ ባሰፋሁት ሱሪ ላይ ተንጠባጠበ። በዚያ የመቂ ሐሩር መስኮት ልከፍት ስል «ንፋስ ይመታሃል» ብለው ዘጉትና ጭራሽ ነጠላቸውን ደረቡልኝ። ደግነት ሰው ይገድላል ቢሉኝ ያን ቀን አምን ነበር።

ከመቂ አለፍ እንዳልን ኬላው መጣ። ተቆጣጣሪው አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ ቋጠሮዎቹን እያየ «የማን ነው?» ሲል ከየወንበሩ «የኔ»፣ «የኔ» ተባለ። እኔ ጋ ሲደርስ «መታወቂያ» አለኝ።

«ሻንጣዬ ውስጥ ነው፤ ጣሪያው ላይ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ውረድ!»

በመስኮቱ ሳይ እኩዮቼ አንድ የጭነት መኪና ላይ ተኮልኩለዋል።

ሴትዮዋ ክንዴን ጨብጠው ያዙኝ። «የት ነው የሚወርደው? ኢልመ ኮ ነው፣ ልጄ ነው! አስተማሪ ነው! አራስ እህቱ ጋ እየሄድን ነው።»

ተቆጣጣሪው እሳቸውን ተወና ወደ እኔ ዞረ። «የእናትህ ስም ማነው?»

ስማቸውን መች ጠየቅኩና! ያን ሁሉ መንገድ ጭኮአቸውን እየበላሁ ስነጫነጭ መጥቼ ስማቸውን አላውቅም። አፌ ላይ የመጣልኝ አንድ ስም ብቻ ነበር።

«አስካለ» አልኩ። የእናቴ ስም ነው። ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነበር።

«አቤት ልጄ!» አሉ ሴትዮዋ፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳያርገበግቡ።

ያን ስም ጠርቼ «አቤት» የሚለኝ ካጣሁ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ከኋላችን ያለው ሰውዬ ቋጠሮዬን ታቅፎ «እባክህ ጌታዬ፣ እናትና ልጅ አትለይ» አለ። ተቆጣጣሪው እንባዬን አይቶ ይሁን ሰልችቶት እንጃ፣ ትቶኝ ወረደ።

ከኬላው እንደራቅን ግን እማማ ወረዱብኝ። «ስሜን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? መምህር ነኝ ትላለህ ደግሞ!» ቋጠሮውን ከሰውዬው ተቀብለው ጭኔ ላይ ጣሉት፤ እስከ አዳሚ ቱሉ ታቅፌው ሄድኩ። እዚያ ሲወርዱ እጃቸውን ስሜ ሸኘኋቸው። ስማቸውን ግን ያኔም አልጠየቅኩም፤ አፈርኩ። ሰው እንዲህ ይደነዝዛል? ዛሬም ሳስበው በራሴ እበሽቃለሁ።

ሞጆ ልንገባ ስንል ወደ ባለሽንኩርቷ ዞርኩ።

«ልጄ፣ ስምሽ ማነው?»

ከላይ እስከ ታች አየችኝና ፌስታሏን ከጭኔ ላይ መነተፈችው። «ለምን ፈለጉት?»

ምን ብዬ ላስረዳት? «እንዲያው ነው። አምጪው፣ እኔው ልያዝልሽ» አልኩና ሽንኩርቱን መልሼ ጭኔ ላይ አኖርኩት። እሷ ግን ስሟን ሳትነግረኝ ወረደች።