የንስሐ አባቱ እከክ

ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስ ከዳባት እስከ ደባርቅ ዳርቻ የንስሐ ልጆች አሏቸው። ጸበል ሊረጩ፣ የተጣላ ሊያስታርቁ ይዞራሉ፤ ሲመሽባቸው ከደረሱበት ያድራሉ። የቤቱ ጌታም አዲሱን ጋቢ ከሳጥን አውጥቶ ያለብሳቸዋል። ሲነጋ ጋቢው ሳይታጠብ ይታጠፋል፤ የቄስ ገላ የነካው በረከት አለው ይባላላ። ማታ ልጆቹ ይለብሱታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ዓምና ቄሱን እከክ ያዛቸው፤ ጣታቸው መሐልና ወገባቸው ላይ፣ ሲመሽ እንቅልፍ የሚነሳው ዓይነት። ደበቁት። እያከክሁ መስቀል ባሳልም ማን በሩን ይከፍትልኛል ብለው ፈሩ። ሰው ከሰው የሚጋባውን በሽታ ነውር ያደረገብን ማን ይሆን? ነውሩ መደበቁ ነው።

አረጋሽ የምትባል ጌሾ ሻጭ የንስሐ ልጃቸው ናት። ከጤና ጣቢያ ቅባት አምጥታ ቤተሰቡን ሁሉ ከአንገት እስከ እግር ጥፍር ቀባች፣ ልብሱን ቀቀለች፤ ዳኑ። ቄሱ አድረው በሄዱ በጥቂት ቀን ተመለሰባቸው። እንደገና ቀባች፤ ቄሱ መጥተው አደሩ፤ እንደገና ተመለሰ። ባሏ ደምለው ጠላት መተት አስደርጎብን ነው ይላል። እሷ ግን መስቀል ስትሳለም የቄሱን ጣቶች አይታለች።

ሌላ ቀን ሲመጡ ጋቢውን አላወጣችም። ባሏን ከብት አስገባ ብላ ሰደደችና ፊታቸው ቁጭ አለች።

«አባ፣ ዛሬስ እርስዎ ይናዘዙልኝ።»

ቄሱ እጃቸውን ዘረጉላት።

«ሰው ይጠየፈኛል ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«እኛ እንደሆን ይኸው እያከክን ነው፤ ምን ብለን እንጠየፍዎት?»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሙ። እከክ ይዞኛል፣ ያደርሁባችሁንም አስይዤ ይሆናል፤ አንዱ ተቀብቶ አንዱ ቢቀር ዋጋ የለውምና ሁላችን በአንድ ምሽት እንቀባ አሉ።  አንዲት እማሆይ «ተመስገን፣ ብቻዬን መስሎኝ» አሉና ጀርባቸውን ከግቢው የጽድ ዛፍ ግንድ ያሹት ጀመር። ሳቁ የዚያን ጊዜ ነው የፈነዳው።

ቅባቱ መጣ፤ ሁሉም በአንድ ምሽት ተቀባ፣ በሳምንቱም ደገመ። መቀቀል ያልቻለው የቄሱ ካባ ፌስታል ውስጥ ታስሮ ሰነበተ። ማሳከኩ ወዲያው አልተዋቸውም፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ እከኩን የሚያመጣው ተባይ ከሞተም በኋላ ጥቂት ሳምንት ያሳክካል ብላ አጽናናቻቸው። እንዳለችውም ተዋቸው።

ሰሞኑን ቄሱ አረጋሽ ቤት አደሩ። በሩም ተከፈተ፣ አዲሱ ጋቢም ወጣ። ጧት ራሳቸው ጋቢውን ይዘው አረጋሽ ወደ ጣደችው ውሃ ሄዱ።

ደምለው «በረከቱስ፣ አባ?» አላቸው እየሳቀ።

«በረከት በፈላ ውሃ አይለቅም» አሉና ከተቱት።