መቀርቀሪያ የተባለችው ተከላካይ

ኮሌጅ ስትገባ አጥቂ ነኝ ብላ ነበር። በመጀመሪያው ልምምድ ግን ባዶ ጎል ፊት ቆማ ኳሷን ከአጥሩ ማዶ ላከቻት። አሰልጣኟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «የኔ እህት፣ ማግባቱስ ይቅርብሽ። እንዳይገባ ማድረግ ትችያለሽ?» አለቻት።

አኩርፋ ወደ ኋላ መስመር ሄደች። ውሎ አድሮ ግን፣ የተቃራኒ ቡድን አጥቂ ስትንደረደር መጥታ ኳሷን ተነጥቃ ስትቀር ማየት እንዴት እንደሚጥም ቀመሰችው። በእሷ በኩል ማለፍ ዘበት ሲሆን ጊዜ ጓደኞቿ «መቀርቀሪያ» አሏት። ስሙም በዚያው ጸና።

ትምህርቱ ግን እንደ ኳሱ አልታዘዘላትም። የምታጠናው ፊዚዮቴራፒ ነው፤ የመጀመሪያውን የሰውነት አካላት ፈተና ወደቀች። መምህሯ ጠርቷት፣ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» አላት።

«እኔ መች ዛፍ ላይ ወጣሁ መምህር? ሜዳ ላይ ነኝ እኮ!» ብላ አሳቀችው። ከቢሮው ስትወጣ ግን እንባዋ መጣ።

የደረሰችላት የመኝታ ክፍል ተጋሪዋ፣ የቡድኑ በረኛ ናት። ለጨዋታ ሲጓዙ አውቶቡስ ውስጥ ሱሪዋን ወደ ላይ ሰብስባ፣ «በይ፣ ይሄ አጥንት ማን ይባላል?» ትላታለች። ሌሎቹም እግራቸውን ይዘረጉላታል። ሾፌሩ በመስታወት እያየ፣ «ኧረ ልጆች፣ ይሄ መኪና ነው ሆስፒታል?» ይላል። በድጋሚው ፈተና አለፈች፤ ከዚያ ወዲያ ውጤቷ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አላለም።

በመጨረሻው ዓመት ለዋንጫ ደረሱ። ልብስ ሰፊዋ እናቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታ ልታይ መጣች። አንድ ለዜሮ እየመሩ፣ ሊያልቅ ሲል፣ የተቃራኒ ቡድን አጥቂ በረኛዋን አልፋ መታች። መቀርቀሪያ ተንሸራትታ ኳሷን ከመስመሩ ላይ መለሰች፤ ራሷ ግን መረቡ ውስጥ ገብታ ተተበተበች።

እናት ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ልጄን ምን አግኝቷት ነው እዚያ የገባችው?»

«እትዬ፣ ዋንጫውን አዳነችልን እኮ!» አላት ከጎኗ የነበረ ጎረምሳ።

«አዳነች?» አለችና እልልታዋን አቀለጠችው።

መቀርቀሪያ በዚያው ዓመት የውድድሩ ኮከብ ተከላካይ ተባለች፤ ከትምህርት ክፍሏም አንደኛ ወጥታ ተመረቀች። አሁን ጠዋት ጠዋት ክሊኒክ ትሠራለች፣ ከሰዓት ክለብ ውስጥ ትጫወታለች። ጉልበታቸው በቀዶ ሕክምና የተጠገነ አንድ ግንበኛ ታካሚዋ፣ የእግር ማፍታቻው ልምምድ ሲያማቸው ስለ ሰሞኑ ጨዋታ ዳኛ ያማርራሉ፤ እሷም «ልክ ነዎት አባባ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ነበር፤ አሁን ግን እግርዎን ያንሱ» ትላቸዋለች።