ስምንት ዘንግ፣ ሁለት ወንበር

የዓሣ ማጥመድ ጓደኛው ክሊተስ ሜምፊስ ከተማ ልጁ ዘንድ ሊኖር በሄደ ሳምንት፣ ዊልበርት ፓግ ሚስቱን ዓሣ ማጥመድ ላስተምርሽ አላት። ኦቴሊያ ሳህን እያጠበች ነበር። እጇን ሳታደርቅ ዞር አለች።

«እኔን?»

«አንቺን። እዚህ ቤት ሌላ ሴትዮ አለች እንዴ?»

«ያቺን ጀልባ ከውጭ አጠብኳት እንጂ አንድ ቀን ውስጧ ተቀምጬ አላውቅም።»

«እንግዲህ ወንበሩ ባዶ ሆኗል» አለና ወደ ጓሮ ወጣ።

ኦቴሊያ ነገሩ የወንበር ብቻ እንዳልሆነ ጠርጥራለች። በዚያ ክረምት ዊልበርት የጀልባዋን ተጎታች ወደ ኋላ ሲነዳ የራሳቸውን የፖስታ ሣጥን ጨፍልቆት ነበር። ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገባች አለ፤ ቀኑ ግን ደመናማ ነበር። እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን የሚያነበውን ምዕራፍ፣ ጉሮሮዬን አመመኝ ብሎ ለሌላ ሰው ሰጠ። የዓይን ሐኪሟ የሰጠችውን ቀጠሮ አንዴ ረሳሁት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ዘነበ ብሎ ቀረ። ኦቴሊያ አልጠየቀችውም። ባሏን ታውቀዋለች፤ አንድ ነገር አትችልም ከተባለ ሁሉንም የሚተው ሰው ነው። የእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካው ወገብህ ለዚህ ሥራ አይሆንም ብሎ ያሰናበተው ጊዜ፣ በጋውን ሙሉ በረንዳ ላይ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ መንገዱን ሲያይ ከረመ። ያንን ወንበር ትፈራዋለች። ሐይቁንም ከተወ የሚመለሰው ወደዚያው ነው።

የመጋቢት ውሃ ከፍ ብሎ የአኻያዎቹን እግር ሸፍኖ ነበር። ዊልበርት ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ አራት ረጃጅም የማጥመጃ ዘንጎች በእሷ ፊት፣ አራት በራሱ ፊት እንደ ማራገቢያ ዘረጋ። ጎን ለጎን ተቀመጡ። በእግሩ የሚነዳትን ትንሿን የኤሌክትሪክ ሞተር ሲረግጥ ጀልባዋ መንቀሳቀሷ እንኳ ያጠራጥር ነበር።

«ሄድን?» አለች ኦቴሊያ።

«እየሄድን ነው። ክራፒ ሰነፍ ዓሣ ነው፣ ሮጦ አይበላም። ጀልባዋ ድክ ድክ ከሚል ሕፃን ከፈጠነች አለቀልን።»

«የምነዳውን የትምህርት ቤት አውቶቡስ እንዲህ ብነዳው፣ ልጆቹ ሳይደርሱ ጢም ያበቅሉ ነበር።»

ሳቀና ማስተማሩን ቀጠለ። አራቱንም መንጠቆ እኩል አታጥልቂ፤ አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ አድርጊ። በአንዱ ዓሣ ሁለቴ ከመጣ፣ ሌሎቹንም ወደዚያው ልክ ታወርጃለሽ። ስንዞር ሰፋ አድርገን ነው፤ በድንገት ከዞርን ክሮቹ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናሉ። ዓሣው ሲይዝ አትንጨቂው፤ አፉ እንደ ረጠበ ወረቀት ነው፣ ከንፈሩን ይዘሽ ትቀሪያለሽ። ዝም ብለሽ ቀና አድርጊው።

«የዘንጉ ጫፍ ወደ ታች ሲሄድማ ማንም ያያል» አለ። «ዋናው ወደ ላይ ሲነሣ ነው። ትልቁ ዓሣ ከሥር መጥቶ ይጎርሰውና ሽቅብ ይሄዳል። ክሩን ወደ ታች የሚጎትተውን የእርሳስ ክብደት እሱ ይሸከመዋል፣ ክሩ ይላላል፣ ጎበጥ ያለው ጫፍ ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ ነው። አንዱን ጫፍ አትይ፤ ሁሉንም ባንዴ እይ።»

«የአንተንም?»

«ሁሉንም» አለ፣ ፊቱን ወደ ውሃው እንዳደረገ።

ይህ ለኦቴሊያ እንግዳ ነገር ሆነባት። ጥቂት ቆይቶ ዲያቆን ኸርሼል ጀልባውን ይዞ በአጠገባቸው ሲያልፍ እንግዳነቱ ባሰ።

«ዊልበርት! ክሊተስን በማን ለወጥከው?»

«በቆንጆ!»

«እሱስ እውነት ነው! ኦቴሊያ፣ ብቻ ዘንጉን እንዳትነኪበት። ድሮ ክሊተስ አንዴ ቢነካበት፣ ከፀደይ እስከ ጥጥ ለቀማ አኩርፎታል!»

«ሰው ሳህኔ ውስጥ ሹካ ሲከት ልስቅ ኖሯል?» አለ ዊልበርት። ዲያቆኑ እየሳቀ ራቀ።

የዊልበርት ሦስተኛ ዘንግ ጫፍ ቀስ ብሎ ቀጥ አለ። ክሩ ላላ። ዊልበርት ፊት ለፊቱ እያየው ነበር፤ ግን አልተንቀሳቀሰም። ኦቴሊያ ከጫፉ ወደ ባሏ ዓይን አየች። ጫፉ ተመልሶ ጎበጠ፤ ዓሣው ሄደ።

«ዓሦቹ ዛሬ ዝም ብለዋል» አለ ዊልበርት።

ጫፉ ዳግመኛ ተነሣ። «ያ ክር የላላ መሰለኝ» አለች ቀለል አድርጋ።

«ነፋስ ነው።»

ነፋስ አልነበረም። ወዲያው አንዱ ዘንጉ ወደ ታች ተጎትቶ መያዣው ላይ ኳ ሲል፣ የዊልበርት እጅ በፍጥነት ሄዶ ያዘው። አንድ መዳፍ የምታህል፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ብርማ ዓሣ አወጣ። ያኔ ገባት፤ ባሏ የሚያጠምደው በጆሮው ነው። ወደ ላይ የሚነሣው ጫፍ ደግሞ ድምፅ የለውም።

ሰርዲንና ደረቅ ብስኩት በሉ። ውሃ ካሰጠመው አንድ የድሮ አጥር አጠገብ ሲደርሱ የዊልበርት ሁለተኛ ዘንግ እንደገና ቀና ማለት ጀመረ፤ በዝግታ፣ ከባድ ነገር ከሥር እየገፋው እንዳለ። አታይም ብትለው የበረንዳው ወንበር አለ። ዘንጉን ብትነካ ደግሞ የሹካው ነገር አለ። ኩርፊያ እንኳ ያልፋል ብላ አሰበች፤ እጇን በጉልበቱ ላይ አሳልፋ ዘንጉን ያዘች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዘንግህን ይዣለሁ። መረቡን አምጣ።»

ዘንጉ ተለመጠ። ሳትነጭቅ ቀና አደረገችው። ከጎኗ መረቡ ሲነሣ ሰማች።

«የት ነው?» አለ ዊልበርት።

እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም።

«ወደ ግራህ። ትንሽ ወደ ፊት። አጥልቀው። አሁን!»

ዓሣው መረቡ ውስጥ ተንፈራገጠ። ዊልበርት በስንዝሩ ከራስ እስከ ጭራ ለካውና እጁን እዚያው ተወው።

«ክሊተስ ያስል ነበር» አለ።

«እንዴት?»

«በኔ በኩል ሲነሣ። ለአንደኛው ዘንግ አንዴ፣ ለሁለተኛው ሁለቴ። ተነጋግረንበት አናውቅም። ከዚያ ኩርፊያ ወዲህ ዘንጌን አይነካም፤ ያስላል።»

«ሚስቱ ሳንባውን ታሟል ብላ ስታስጸልይለት ነበር እኮ!»

ዊልበርት ሳቁን መያዝ አቃተው። ሲያበቃ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

«ለዚህ ነው ያመጣኸኝ?»

«መጀመሪያ ሳታውቂ እንድታይልኝ ብዬ ነበር። ኋላ ደግሞ እንድታውቂ ብዬ። የቱ እንደሆነ እኔም አላወቅሁም።»

ኦቴሊያ ዓሣውን ከመንጠቆው አላቀቀች። «እኔ አልስልም። አፍ አለኝ፤ እናገራለሁ። ሐሙስ ደግሞ ሐኪሟ ዘንድ እንሄዳለን። የምነዳው እኔ ነኝ።»

«ተጎታቹንስ?»

«እሱንም። አውቶቡስ ወደ ኋላ ስነዳ የፖስታ ሣጥን ገጭቼ አላውቅም።»

ዊልበርት ዘንጉን ከእጇ ተቀብሎ መንጠቆውን በጣቱ ፈልጎ ማባበያ ትንሽ ዓሣ ሰካበት፤ ወደ ውሃው መለሰው። ሞተሯን ረገጠ። ጀልባዋ አጥሩን ተከትላ ሰፋ አድርጋ ዞረች።

«ጉቶ አለ፣ ወደ ቀኝ» አለች።

ዊልበርት ጀልባዋን ወደ ቀኝ አዞራት። ትንሽ ሄዱ።

«አራተኛው ተነሣ።»

የዊልበርት እጅ የመጀመሪያውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ዘንግ እየዳሰሰ አለፈ፤ አራተኛውን አገኘ። ሳይነጭቅ ቀና አደረገው።