ለእማማ ያልተረጎምኩት

ያ ድምፅ ሲጠራ ዛሬም እጄ ይቀዘቅዛል። የኢንተርኔት ስልክ ጥሪ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ትናንት ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ስልክ ጠራ። አንስታ «ሄሎ፣ ይሰማል?» አለች። ይሰማ ነበር። እኔ ሁለት እጆቼን ብብቴ ስር ከትቼ፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው የኮረሪማ ሽታ አፍንጫዬን ሞልቶት መውረጃዬን አለፍኩ።

አንድ ቀን መምህራን ክፍል ውስጥ «ጀርመንኛ ተምረሻል የሚሉት እውነት ነው?» ብለህ ጠይቀኸኝ ስቄ አልፌሃለሁ። እውነት ነው። ታሪክና ጀርመንኛ፣ አንድ ላይ፣ በአንድ ዲግሪ። ምርጫዬን ቤት ስናገር አየር ጤና መለዋወጫ የሚሸጠው አባቴ ራሱን እያከከ «ታሪኩስ እሺ፣ ያለፈ ነገር ነው፣ አይጎዳም። ጀርመንኛው ግን ለማን ነው?» አለኝ። የታሪክ መምህራችን ግን መልስ ነበረው። ድሮ አገራችንን የዞሩ ጀርመናውያን ያዩትን ገበያና ያደሩበትን ቤት ጽፈውታል፤ እኛ ስለራሳችን ያልጻፍነው እነሱ ዘንድ በቋንቋቸው ተቀምጧል ይለን ነበር። ሰነድ በያዝን ቁጥርም ይቺን ያስደግመን ነበር፦ ማን አየ? ማን ሰማ? ለማንስ ነገረ?

ጠዋት ታሪክ፣ ከሰዓት ጀርመንኛ። ከእነዚያ አሮጌ መጻሕፍት ስለጀመርኩ ማንኪያ ማለት ሳልችል «የወዳጅነት ውል» ማለት እችል ነበር። ከኮልፌ እስከ ካምፓስ ሁለት ታክሲ ነው፤ መንገዱን ሙሉ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ስሄድ ረዳቱ «እህት፣ ከማን ጋር ነው የተጣላሽው?» ይለኛል። ሰፈሩ ደግሞ ባወቀ ጊዜ ስሜን ትቶ «ጀርመኗ» ማለት ጀመረ። ደስ ይለኝ ነበር መሰለኝ። አሁን ያንን ደስታ ሳስበው የሌላ ሰው ይመስለኛል።

ከአጥራችን ማዶ እማማ ነበሩ። ሰፈሩ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው። በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ በር ላይ ባለችው ሱቃቸው ቅመማ ቅመም እየሸጡ ሁለት ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ወንዱ ሐዋሳ ይሠራል። ሴቷ ነርስነት ልትማር ጀርመን ሄዳ እዚያው ሥራ ይዛ፣ ከዚያው አገር ሰው አግብታ አንድ ልጅ ወለደች። ባሏም ልጇም ከጀርመንኛ በቀር አያውቁም። እሑድ እሑድ እሷ ሥራ ገብታ ባልየው ልጅቷን ይዞ ለአያቷ ይደውላል። አያት «ሄሎ» ትላለች፣ የልጅ ልጅ «ሄሎ» ትላለች። ሌላ የሚባባሉት ነገር ስለሌለ ሄሎ ሲባባሉ ቆይተው ይዘጉታል።

ታዲያ አንድ እሑድ ከአጥር ማዶ ተጠራሁ። «አንቺ! ያ የምትማሪው ቋንቋ ሰው ያናግራል ወይስ ለፈተና ብቻ ነው?»

ያናግራል ብዬ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ እሑድ ከሰዓት ሥራዬ ይኸው ሆነ። እማማ በርጩማቸው ላይ፣ እኔ የበርበሬ ጆንያ ላይ፣ ስልኩ ከመካከላችን ባንኮኒው ላይ። ሱቁ ውስጥ የሚጥሚጣው ሽታ ያስነጥሳል፤ ከመንገድ ማዶ ጋራዡ ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል። ልጅቷ «አያቴ ድመት አላት?» ትላለች። እማማ «አለኝ በያት፣ ግን ሌባ ናት በያት» ይላሉ። ልጅቷ ስትስቅ እማማ ይቆጡኛል፦ «ምን ብላ ነው የሳቀችው? ሳቁንም ተርጉሚልኝ እንጂ!» በአፍ የሚነገረውን ጀርመንኛ የተማርኩት ከዚያች ሕፃን ነው። የቋንቋው መምህሬ «አንቺ እንደ አምስት ዓመት ልጅ ነው የምታወሪው» ብላኝ ታውቃለች፤ ልክ ነበረች።

ልመረቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ነው ያ እሑድ የመጣው። ክረምቱ ሊገባ ነበር፤ ጠዋት ዘንቦ ከሰዓት ፀሐይ ወጥታ፣ በጣሪያው ቀዳዳ የሚገባው ጨረር እማማ ጉልበት ላይ ባለው ሰፌድ ላይ ያርፍ ነበር። ወደ ጀርመን የሚሄድ ሰው ተገኝቶ፣ ለልጃቸው የሚልኩትን ኮረሪማ እየፈለፈሉ ነበር። ስልኩ ጠራ። የወትሮው ምስል የለውም፣ ድምፅ ብቻ ነው። ከፍ አድርጌ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት።

ባልየው መኖሬን ጠየቀ። አለሁ አልኩት። ከዚያ ነገረኝ። ሚስቱ ሌሊት ከሥራ ስትመለስ ፌርማታ ላይ ወድቃለች፤ ልቧ ነው፤ ሞታለች። አላለሰለሰውም፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም። ጨርሶ «እባክሽ ንገሪያት» አለኝና መጠበቅ ጀመረ።

እማማም ይጠብቁ ነበር። «ምን አለ?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እሳቸው በገዛ ጆሯቸው ሰምተውታል እኮ፤ ድምፁ እኩል ነው የደረሰን።

አንተም እዚሁ ያደግህ ሰው ነህ፣ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ። በስልክ አይደለም። በእኔ ቢጤ ልጅ አፍ አይደለም። ሰው ብቻውን ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሰፌድ ጉልበቱ ላይ እያለ አይደለም። ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ፊት ፊት ብሎ፣ ሐዘንተኛዋን የምትይዝ ሴት ከኋላ ቆማ ነው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ግን አፌን ስከፍት የወጣው እሱ ነው። «ሰላም ናቸው ይላል፣ ልጅቷ ተኝታለች።»

ባልየው «ምን አለች?» አለኝ። በጀርመንኛ «አሁን አልነግራቸውም። እኛ ጋ እንዲህ አይነገርም» አልኩት። ከዚያ «እናቷ ናት እኮ። እኔ ብቻዬን ልይዘው አልችልም» አለና መሐል ላይ የሚስቱን ስም ጠራ። እማማ ስሙን ሰሙ።

«ምን አላት?»

«ሥራ ላይ ናት ይላል።»

እማማ ሳቁ። «ሥራ ይገላታል ይቺን ልጅ! ትንሽ ያሳርፋት በይው።»

እሱ ደግሞ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። ሌላ ነገር መፍጠር አልቻልኩም፤ ትረፍ ይላሉ አልኩት። ማልቀሱ ተሰማ። እማማ ኮረሪማቸውን አስቀምጠው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ጉንፋን ይዞታል እንዴ?»

«አዎ» አልኩ፣ «ጉንፋን ነው።»

ቤት ገብቼ ለአባቴ ስነግረው ድምፄ ዜና እንደሚያነብ ሰው ነበር። ራሴን ሰማሁት። አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ፣ ተነሳ፣ ጃኬቱን ለበሰና ወደ እድሩ ዳኛ ቤት ይዞኝ ሄደ። ዳኛው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ሁለት ሌሎች ሽማግሌዎች አስጠርተው ካስቀመጡኝ በኋላ ይጠይቁኝ ጀመር።

«በጆሮሽ ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«የሰማሽበት ቋንቋ ያንቺ አይደለም፣ ልጄ። አትቀየሚኝ። ያልሞተ ሰው መርዶ ነግረን ብንገኝስ? መርዶ አንዴ ከአፍ ከወጣ አይመለስም። ይደወልና ድገም ይባል።»

አልተቀየምኩም። የታሪክ መምህሬ እዚያ ቢኖር በአንድ ምስክር አይታመንም ብሎ ያመሰግናቸው ነበር ብዬ አስቤአለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት በዚያ ሰዓት እንደሚታሰብ እንጃ። ሦስት ሽማግሌና አባቴ እያዩኝ ደወልኩ። ባልየው አነሳ። እንዲደግምልኝ ጠየቅሁት፣ ደገመው። ዳኛው «እርግጠኛ ነህ ወይ በይው» አሉኝ። ሚስቱ ለሞተችበት ሰው፣ እርግጠኛ ነህ ወይ አልኩት። «አይቻታለሁ» አለኝ። ተረጎምኩ። ዳኛው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ከዚያ ነገሩ በወጉ ተያዘ። ልጃቸው ከሐዋሳ እስኪመጣ፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ ይቆይ ተባለ። እማማ ደም ግፊት አለባቸው፤ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ መውሰዳቸውን የምታይ ጎረቤት ተመደበች። «እስከዚያ ሆድ ይፍጀው» አሉ ዳኛው፣ ዓይናቸው እኔ ላይ። ለባልየው ይህን ሁሉ ሳስረዳው ብዙም የገባው አልመሰለኝም። በመጨረሻ «እናንተ ታውቃላችሁ» ብሎ ዘጋው።

በእነዚያ ቀናት ጠዋት ጠዋት በሱቁ በር አልፋለሁ። እማማ «ጀርመን አልደወለም?» ይሉኛል። አልደወለም እላለሁ። ፈተና ነበረን፤ ተፈተንኩ፤ ጥሩ ውጤት አመጣሁ። ጥርስ ሲነቀል ማደንዘዣ የተወጋ ድድ ታውቃለህ? ብትነክሰው አይሰማህም፤ እዚያ መሆኑን ብቻ ነው የምታውቀው። ሁለንተናዬ እንደዚያ ነበር። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ታክሲ ውስጥ ሒሳብ እከፍላለሁ። ከንፈሬን ማንቀሳቀስ ብቻ ተውኩ።

ሁሉም በተሰበሰበ ማግስት ጎህ ሲቀድ ሰዎቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እማማ በር ላይ ቆሙ። ልጃቸው ከአባቴ አጠገብ ነበር። እማማ በሩን ከፍተው መጀመሪያ ያዩት እሱን ነው፤ ከሐዋሳ በዚያ ሰዓት ምን እንዳመጣው ለመረዳት ሽማግሌ አላስፈለጋቸውም። ጩኸታቸውን አልነግርህም። ሴቶቹ ደረታቸውን ደቁ፣ መሬት ወደቁ። እኔ ከኋላ ቆሜ የአጥሩን ቆርቆሮ ዝገት አይ ነበር። እንባ አልመጣም። «እቤታቸው አድጋ! ይቺ ልጅ ልብ የላትም እንዴ?» ስትል አንዷን ሰማኋት። የምትለኝ ሁሉ እውነት መሰለኝ፤ እኔም ልቤን ፈልጌ አላገኘሁትም ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ውሃ ሳመላልስ፣ ሬሳ በሌለበት ለቅሶ ፎቶግራፏን እያዩ ሲያለቅሱ፣ ስሠራ ብቻ ዋልኩ።

አሁን ቤቴል ታሪክ አስተምራለሁ። ጀርመንኛውን የጠየቀኝ አለቃ የለም፤ አንተ ብቻ ነህ። እነዚያን አሮጌ መጻሕፍት ካነበብኳቸውም ቆይቷል። ልጅቷ ትልቅ ሆናለች ይባላል። ለእንቁጣጣሽ አባቷ መልእክት ይልካል፤ መልስ የምጽፍለት እኔ ነኝ፤ አጭር አጭር ነው የምጽፈው።

ሊቋጭ ያልቻለው ግን ይህ ነው። አርባዋ ካለፈ በኋላ እማማ ሱቃቸውን ከፈቱ። ጥቁር ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ያው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። በበሩ ሳልፍ «ነይ» አሉኝ፣ በዝግታ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ስንት ቀን ደብቀሽኝ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ልጄ አፈር ለብሳ ሳቅሁ ይሉኛል ብዬ። ቢሉኝ ደግሞ እውነታቸውን ነው። አላሉኝም።

«ሽማግሌዎቹ አሳምረው ነው የነገሩኝ» አሉ። «እግዜር የሰጠውን ወሰደ፣ ምናምን። ይስጣቸው፣ እነሱ ወጉን አደረሱ። እኔ ግን መጀመሪያ አንቺ ጋ እንደመጣው ነው የምፈልገው። እንዳለው አድርገሽ በይልኝ።»

«እማማ፣ ጀርመንኛ ነው እኮ። አይገባዎትም።»

«ለኔ አይደል እንዴ የላከው? የኔ ነው። ስጪኝ።»

ጋራዡ በዚያ ቀን ለምን ዝም እንዳለ አላውቅም። ጆንያው ላይ ተቀመጥኩና ባልየው ሞታለች ያለበትን ቃል፣ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣ አልኩላቸው። «ዚ ኢስት ጌሽቶርበን።»

ከንፈራቸው ተከተለኝ።

«ይቺው ናት?»

«ይቺው ናት።»

«እንዲህ አጭር ነገር ናት?» አሉ እንደገና፣ ለራሳቸው ይመስል። ከዚያ ቀና ብለው ፊቴን አዩት፤ ከለቅሶው ወዲህ ማንም እንዲያ አላየኝም ነበር። «ይቺን ይዘሽ ነው በበሬ ስትመላለሺ የሰነበትሽው? ብቻሽን?»

ወደ እሳቸው ሳቡኝ። ዓይኔ ደረቅ ነበር፤ እሳቸው ግን በነጠላቸው ጫፍ ሁለቱንም ጠረጉልኝ።